«አለሁ» የሚለውን ይጫኑ

«አለሁ… አለሁ እኮ» የሚል ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል ሲመጣ ልጅቷ ፊቷን እየታጠበች ነበር። አክስቷ የጠራቻት መስሏት፣ የሳሙናውን አረፋ ከግንባሯ ሳትጠርግ በሩ ላይ ብቅ አለችና «ጠራሽኝ እንዴ እትዬ?» አለቻት። አክስቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ስልኳን ትኩስ ብርጭቆ እንደ ያዘ ሰው በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ይዛ፣ ቀና እንኳ አላለችም። «አንቺን አይደለም፤ ይሄን ሰውዬ ነው። አለሽ ወይ ይለኛል፤ ብጫነው ብጫነው አልሰማ አለኝ። እስቲ ደግሞ በአፌ ልንገረው ብዬ ነው።»

ስልኩ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው አፉን ግማሽ ከፍቶ ቆሟል። ከእግሩ ሥር «አለሁ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ፣ ከቁልፉ አጠገብ ከሰባት ወደ ታች የሚቆጥር ቁጥር አለ፤ … ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ከዚያ ቁልፉ ጠፍቶ «አልተገኙም» የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ ሰውዬውም ወደ መጀመሪያው ተመለሰና «የተከበራችሁ ሠራተኞች፣ ዛሬ ስለ እርጥብ ወለል እንማራለን» ብሎ እንደ አዲስ ጀመረ። አክስቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወለል ወልውላለች። ስለ እርጥብ ወለል ሰውዬውን ራሱን ቁጭ አድርጋ ልታስተምረው ትችላለች። የቸገራት ወለሉ ሳይሆን ጣቷ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በረኪና የነካው ጣት መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ እንደ ማንኪያ ጀርባ ለስልሷል፤ የስልኩ መስታወት እንዲህ ያለውን ጣት ከሰው አይቆጥረውም። አንዳንዴ በጣቷ አንጓ ስትነካው ይሰማል፣ አንዳንዴ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ይቀናታል፤ ግን የትኛው እንደሚሰማ ተሞክሮ እስኪታወቅ ሰባቱ ሰከንድ ያልቃል።

ልጅቷ አረፋው ፊቷ ላይ እየደረቀ ቆማ አየቻት። ሰባቱን የጻፈችው እሷ ናት።

የምትሠራው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቢሮ ውስጥ ነው፤ ሥራውም ወደ ሰው ስልክ በሚተላለፉ የቪዲዮና የድምፅ ፋይሎች ውስጥ ትእዛዝ መሰካት። ፋይሉ ይሄዳል፤ ከጎኑ ለተመልካች የማይታይ ዝርዝር አብሮት ይሄዳል። አራተኛው ደቂቃ ከአሥራ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ ቁም፣ ቁልፍ አውጣ፣ ሰባት ሰከንድ ጠብቅ፣ ካልተጫኑ መልስ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ከዚህ ሁሉ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሱ የተቀረጸ ዕለት ሰደርያውን አውልቆ ወደ ቤቱ ሄዷል። ለሚያየው ግን አሁን፣ እዚሁ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚጠይቀው ይመስላል። ልጅቷ በሰዓት ውስጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ ስለማትናገር የቢሮው ሰው «ደቂቃ» ይላታል። ዓምና አለቃዋ «ሰው አንድ ቁልፍ ለመጫን ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?» ብሎ ሲጠይቃት በራሷ ጣት ሞክራ ሁለት ሆነ፤ ለሰው እናስብ ብላ አምስት ጨመረችበት። ያን ዕለት ደግ ሰው የሆነች መስሏት ነበር። ደንበኛው አክስቷ የምታጸዳበት ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ድርጅት መሆኑን ያወቀችው ከሁለት ወር በኋላ፣ አክስቷ ስልኳን ይዛ መጥታ «እስቲ ይሄ ምን ይላል?» ያለቻት ዕለት ነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያደረ ነገር ሆነና አፍ የሚያስከፍት ቀን ጠፋ። አክስቷም ለጎረቤት «ልጄ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው፤ ሰዓት ትሞላለች» ከማለት አልፋ አታውቅም።

የድርጅቱ ደንብ አጭር ነው። የአመራር መልእክት በሚተላለፍበት ቀን ከቁልፎቹ አንዷ እንኳ ያመለጠችው ሠራተኛ «አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሦስት ጊዜ የተመዘገበ ውሉ አይታደስም። አክስቷ ሁለት አላት። ውሏ የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ሲሆን፣ ሦስተኛው መልእክት ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እርጥብ ወለሉ ለልምምድ ነው፤ እሱ መቶ ጊዜ ቢሳሳቱበት አይመዘግብም። የዋና ዳይሬክተሩ ንግግር ግን አይደገምም፤ ያመለጠ አመለጠ።

«ጣትሽን ትንሽ ብታረጥቢው?» አለች ደቂቃ።

«አርጥቤዋለሁ። እርጥብ ሲሆን ጭራሽ ያብዳል።» ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀመጠችው፤ ሰውዬው ትራስ ላይ ሆኖ ስለ ወለል ማውራቱን ቀጠለ። «ለዚህም ኢንተርኔቱን የምገዛለት እኔ ነኝ። የሁለት ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ። ሽንኩርት ቢያስለቅሰኝ እንኳ አይቆጣኝም።»

ደቂቃ ሳቀችና የደረቀውን አረፋ ልትለቃለቅ ተመለሰች። ለባብሰው ወጡ። አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዷ መስኮቱን አንዷ ጉልበቷን እያየች፣ ሰባት ፌርማታ ያህል ሄዱ። አክስቷ ስትወርድ «በይ ዋይልኝ» አለቻትና ጣቶቿን እያፍተለተለች በሰዉ መሀል ጠፋች።

አለቃዋ ቀድሞ ሠርግ ቀራጭ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ሙሽራ ሲያሳድድ ኖሮ፣ ሰው በስልኩ ራሱን መቅረጽ ሲጀምር ካሜራውን ሰቅሎ ወደ ትምህርት ዞረ። ሙያው ተለወጠ እንጂ አፉ አልተለወጠም፤ ቪዲዮ ላይ የሚናገር ሰው ሁሉ ለእሱ አሁንም «ሙሽራው» ነው። አራት ሰዓት ላይ የድርጅቱ የኮሙኒኬሽን ኃላፊ መጣ። ይህ ሰው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ እንጂ ጨርሶ ስለማያውቅ ቢሮው ውስጥ «ነጠላ ሰረዝ» ይሉታል፤ በሌለበት ነው እንጂ። ከሳምንት በፊት የተቀረጸውን የአርባ ደቂቃ ንግግር ከፍተው ሦስቱም አንድ ማያ ገጽ ላይ አቀረቀሩ።

«እዚህ ጋ ትርፋችን በአሥራ ስምንት በመቶ አደገ ሲሉ፣ እዚች ላይ ጭብጨባ፣ ግን ከአንጀት እንዲሆን፣ ማለቴ ቁልፉ ሰፋ ብሎ፣ ሠራተኛው ራሱ ፈልጎ ያጨበጨበ እንዲመስለው፣ እና ደግሞ እዚያ ጋ ወጪ መቀነስ የሁላችንም ነው ሲሉ፣ ተስማምቻለሁ የሚል፣ አልስማማም የሚለውን ግን ቦታ ስለሚያጣብብ…»

«ሁለት ቁልፍ ይገባል» አለች ደቂቃ በቀስታ።

«መግባቱንማ ይገባል፣ ግን ሠራተኛውን ማደናገር ነው፣ አንድ ከሆነ እኮ ልቡ አይከፈልም፣ እና…»

«ልክ ነው» አለ አለቃዋ። «ሙሽራው ገብቶ ሰው ካላጨበጨበ ቪዲዮው ሞተ ማለት ነው። እኔ ስንቱን የማይጨበጨብለት ሙሽራ በጭብጨባ አስገብቻለሁ፤ ከሌላ ሠርግ እየቆረጥኩ።»

እንግዳው ከሄደ በኋላ ደቂቃ አሥራ አራቱን ትእዛዞች አንድ በአንድ ሰካች። ሥራዋን ትወዳለች፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የተናጋሪው የመጨረሻ ፊደል አልቆ ትንፋሹ ሳይመለስ፣ እዚያች ግማሽ ሰከንድ ላይ ቁልፉን ብቅ ስታደርገው ሰው የታዘዘ ሳይሆን የተጠየቀ ይመስለዋል። ጭብጨባው ሲጫኑት ከስልኩ ውስጥ እውነተኛ የጭብጨባ ድምፅ ያወጣል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ የቀረው አንድ ነገር፣ የመጠበቂያው ቁጥር ነበር። ወንበሯን ገፋ አድርጋ ተነሣችና፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ አለቃዋ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ ሰባቱን ሰከንድ… ሠላሳ ብናደርገው?»

«ለምን?»

«ቶሎ የማይሰማላቸው ሰዎች አሉ። ጣታቸው…»

«ማን ነው እንደዚህ ያለው?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሻይ ክብ ምልክት አየች፣ ከዚያ ጫማዋን። «አንዳንድ ሰዎች» አለች።

«ልጄ፣ በሠላሳ ሰከንድ ሰው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ድርጅቱ የሚከፍለን ሰው ሻይ እንዳይጠጣ ነው። ደግሞ ሰባት ያልሽው አንቺ ራስሽ፤ አሁን ማን ነካሽ?»

ተመልሳ ተቀመጠች። ሰባቱን አጥፍቶ ሠላሳ ለመጻፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ ጠያቂም የለባት። እጇ ቁልፎቹ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሕይወቷን ሙሉ ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ጥሩ ልጅ ደግሞ እንቢ የተባለችውን አትሠራም። ፋይሉን በሰባቱ ዘጋችው። ስምንት ሰዓት ላይ አለቃዋ የአዳራሹን ማያ ገጽ እንድትፈትሽ ወደ ድርጅቱ ላካት።

አዳራሹ ምድር ቤት ነው። የፊት ወንበሮች የፋብሪካ ላስቲካቸው ገና አልተገፈፈም፤ እነሱ የኃላፊዎች ናቸው። መሀሉን የቢሮ ሠራተኛው ሞልቶታል። ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ሰማያዊ ጋውን የለበሱት የጽዳት ሠራተኞች ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተደርድረዋል። የቀሩት ሠራተኞች በየቅርንጫፉ ሆነው በየስልካቸው ያያሉ፤ በጠቅላላው ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰው። ደቂቃ ፍተሻዋን ጨርሳ ከአክስቷ አጠገብ ባዶ ወንበር አገኘች።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ታደርጊ?»

«ለሥራ ልከውኝ ነው።»

አክስቷ ገረም አድርጋ አየቻት፤ ቀጥላ ግን አልጠየቀችም። የጽዳት ተቆጣጣሪዋ እጇን አጣምራ በኋላው መተላለፊያ እየተመላለሰች «ሁሉም በገዛ ጣቱ» ትላለች። «የሰው ስልክ ሲነካ ያየሁት፣ ነኪም አስነኪም ይመዘገባሉ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መብራቱ ደብዘዝ አለና መለከት ተነፋ። የድርጅቱ አርማ በወርቅ ቀለም እየተሽከረከረ፣ እየቀረበ፣ እየራቀ፣ እንደገና እየቀረበ ማያ ገጹን ሞላው። ደቂቃ ይህን መለከት በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። ሳታስበው መቁጠር ጀመረች። ገና መለከቱ ሳያልቅ «አለሁ» የሚለው ቁልፍ ሦስት ሺህ አራት መቶ ስልክ ላይ ብቅ አለ። አክስቷ በአውራ ጣቷ ነካችው፤ አልሰማም። በአንጓዋ ነካችው፤ አልሰማም። ቁጥሩ ሁለት ላይ ሲደርስ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ቀናት። «ሰማኝ» አለች፤ ፊቷ ፈተና እንዳለፈ ልጅ ፈካ። ደቂቃ ግን ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብላ አለቃዋ ጋ እየደወለች ነበር።

«ጋሼ፣ ፊት ላይ የሆነ ነገር ጨምረዋል?»

«መግቢያ ነዋ። አንቺ እንደወጣሽ ነጠላ ሰረዝ ይዞት መጣ። ሃያ ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው፤ እኔው ራሴ አጣበቅኩት። ያምራል አይደል?»

«ትእዛዞቹንስ?»

«ትእዛዞቹ ምን ሆኑ?»

«የሚቆጥሩት ከፋይሉ መጀመሪያ ነው። ንግግሩ ወደ ኋላ ሲገፋ እነሱ ባሉበት ቀርተዋል። ሁሉም ሃያ ሦስት ሰከንድ ቀድመው ነው የሚመጡት።»

«ሃያ ሦስት ሰከንድ ምን አላት» አለ፤ ሠርግ ላይ ሃያ ሦስት ሰከንድ የሚቆጥር ሰው ገጥሞት አያውቅም።

የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ፋይሉ ከቤት ወጥቷል። ዋና ዳይሬክተሩ ማያ ገጹ ላይ መነጽራቸውን አስተካክለው አመሰገኑ፣ ስለ አዲሱ የመከታተያ ዘዴ ተናገሩ፤ «ይህ ዘዴ አይሳሳትም፣ አያዳላም፣ አይደክመውም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በዓመቱ በሞት የተለዩትን አምስት ባልደረቦች ማስታወስ ጀመሩ። አራቱን አነሡ፤ አምስተኛው ለሠላሳ ዓመት ሊፍቱን ሲያንቀሳቅሱ የኖሩት አዛውንት ነበሩ። ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ደፉ። በዚያች ቅጽበት፣ ሰፋ ያለ፣ ብርቱካንማ፣ ከአንጀት እንዲሆን የተሠራው የ«ጭብጨባ» ቁልፍ መጣ።

አዳራሹ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆመ። ከዚያ ጣቶቹ ሠሩ። ከደቂቃ ፊት የተቀመጠ ከረባት ያደረገ ሰው ፊቱን እንዳጠቆረ፣ ቅንድቡንም ሳያነሣ፣ በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ፊቱ ለቅሶ ቤት ነበር፣ ጣቱ ሠርግ ቤት። ከመቶዎቹ ስልኮች የጭብጨባ ድምፅ እንደ በረዶ ወረደ፤ ዳይሬክተሩም አንገታቸውን እንደ ደፉ ጭብጨባውን በትሕትና የሚቀበሉ መሰሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም። አክስቷ ስልኩን በግንባሩ ጉልበቷ ላይ ደፋችው።

«ይሄ እኮ የሊፍቱ ሰውዬ ነው» አለች። «ወገቤን ያመመኝ ጊዜ ባልዲዬን ሽቅብ ሲያወጣልኝ የኖረ።»

«እትዬ፣ ተጫኚው። አራት ሰከንድ ነው የቀረሽ።»

«ለሞተ ሰው አላጨበጭብም።»

«እሳቸው አይደሉም የጠየቁሽ። ስህተት ነው። ዝም ብለሽ ተጫኚ።»

«ስህተት ከሆነማ ለምን እጫነዋለሁ?»

ደቂቃ እጇን ወደ ስልኩ ላከች፤ ተቆጣጣሪዋ መተላለፊያው ጫፍ ላይ ፊቷን ወደ ወዲያ አዙራ ነበር፤ ማንም አያይም። ግን የአክስቷ መዳፍ ስልኩ ላይ ተጋድሟል፤ ቆዳው የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ እስከ ሥጋው የተቆረጠ ሰፊ መዳፍ፤ ያን መዳፍ ማንሣት አልሆነላትም። ከመዳፉ ሥር ቁጥሩ ለራሱ ቆጥሮ ጨረሰ። አክስቷ ስልኩን ስትገለብጠው «አልተገኙም» የሚለው ቀይ ጽሑፍ ነበር፤ ከዚያ ስልኩ ጨለመ፤ ሌላ ቁልፍም አላወጣም። ሦስተኛው ነው።

ንግግሩ ቀጠለ፤ ትርፉ በአሥራ ስምንት በመቶ ያደገ ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ቀጥሎ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አድርገው «አንዳንድ ሰዎች አሉ» አሉ፤ «አመራሩ ለመኪናው እንጂ ለሠራተኛው አያስብም የሚሉ።» ይህን የሐሰት ወሬ አንድ በአንድ አፍርሰው ወጪ መቀነስ የሁሉም ኃላፊነት ነው እስኪሉ ሃያ ሦስት ሰከንድ ይቀራቸው ነበር። «ተስማምቻለሁ» የሚለው ቁልፍ አልጠበቃቸውም። ከረባት ያደረገው ሰው ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ እንደ ቅድሙ ቶሎ ሳይሆን፣ ጣፋጭ ነገር አፉ ውስጥ እንደሚያሟሟ ሰው ቀስ ብሎ፣ ሙሉ ስድስት ሰከንድ ፈጅቶ ተጫነ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ሞልቶ ቆመው ነበር። አክስቷ ስለ ውሏ አልተናገረችም፤ ስለ ቲማቲም ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሳል ተናገረች። ሁለተኛው ፌርማታ ላይ ደቂቃ ብረቱን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ የፊት ለፊቱን ሰው ጆሮ እያየች «ሰባት ሰከንድ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ቁልፎቹን የምሰካው እኔ ነኝ እትዬ። ከዓምና ጀምሮ።»

ሰው ወረደ፤ ሰው ወጣ።

«ያን እርጥብ ወለልም?» አለች አክስቷ።

«እሱንም።»

«እና ለምን ሰባት አልሽ?»

«እኔን ሁለት ነው የሚበቃኝ። አምስት ጨምሬበት ነው።»

«አንቺን ሁለት ይበቃሻል» አለች አክስቷ፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ምሕረትም አልነበረም። «ሁለት ሰከንድ የሚበቃው ጣት እንዲኖርሽ ነው ያስተማርኩሽ።» ከዚያ ባዶ ቦታ ተገኝቶ ተቀመጠች፤ የደቂቃን ቦርሳ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።

በማግስቱ የድርጅቱ አመራር ሪፖርቱን ይዞ ግማሽ ቀን በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። በሪፖርቱ መሠረት ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት ሠራተኞች ለሞቱት ባልደረቦች አጨብጭበዋል፣ አመራሩ የሚያስበው ለመኪናው ብቻ ነው በሚለውም ተስማምተዋል። ዘዴው ተሳሳተ እንዳይባል፣ ዘዴው አይሳሳትም ብለው ዋና ዳይሬክተሩ በዚያው ንግግር ተናግረዋል። ሠራተኛው ሁሉ ይባረር እንዳይባል፣ ከሊፍት እስከ ሒሳብ ክፍል የሚቀር ሰው የለም። ነጠላ ሰረዝ «እንግዲህ፣ የተስማሙትን ትተን፣ ያልተስማሙትን ብናይ፣…» አለ፤ ሌሎቹ ጨረሱለት። ያልተስማሙት አራት ናቸው፤ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሾፌር፣ ስልኩ ውሃ በርሜል ውስጥ የወደቀበት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ጥርሱን ሊያስነቅል አፉን ከፍቶ የተቀመጠ የዘበኞች አለቃ፣ እና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ። አራቱም ንግግሩን በማስተዋል ስላዳመጡ የምስጋና ደብዳቤ እንዲሰጣቸው፣ የቀሩት ሁሉ ደግሞ ስለ ማስተዋል የሃምሳ ደቂቃ ትምህርት እንዲወስዱ ተወሰነ።

የአክስቷ ውል ረቡዕ ዕለት ለአንድ ዓመት ታደሰ። ዓርብ የማስተዋሉ ትምህርት ፋይል ቢሮ ደረሰ፤ ደቂቃ ትእዛዞቹን ሰክታ ስትጨርስ የመጠበቂያውን ጊዜ ሠላሳ ሰከንድ ብላ ጻፈች፤ ማንንም አልጠየቀችም፤ ፋይሉም እንደዚያው ሄደ።